በሊጥ የተመረገው ራዲያተር

ውሃ ሰርቃለች ተብያለሁ። ይህ በደል በጽሑፍ እንዲቀመጥልኝ እፈልጋለሁ። ተሰረቀ የተባለው ወርቅ አይደለም፣ ጤፍም አይደለም፤ የአንዲት አሮጌ አውቶቡስ የራዲያተር ውሃ ነው። ሰርቃለች የተባልኩትም እኔ ነኝ፤ የጎረቤት እሳት እንኳ ሳላስፈቅድ ጭሬ የማላውቀው።

የልጅ ልጄ፣ «እማማ፣ ለሁለት ጣሳ ውሃ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የምትብከነከኚው?» ትለኛለች። ስለ ውሃው አይደለም። ስለ ወረቀቱ ነው። ውሃው ኋላ ተገኝቷል። ወረቀቱ ግን አልተቀደደም።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ጎፋ አካባቢ በነበረ አንድ የመንግሥት መጋዘን በጽዳት ሠራተኛነት እሠራ ነበር። ቤቴ መካኒሳ ነው፣ አባቴ ሲያርሰው በኖረው መሬት ጥግ። ባሌ ሞቶ ሦስት ልጆች በእኔ ላይ ነበሩ። መጋዘኑ እኛን የሚያመላልስ አንድ አውቶቡስ ነበረው፤ ከእኔም፣ ከኃላፊውም በፊት የነበረ። ሠራተኛው «አሮጊቷ» ይላት ነበር። ማታ መካኒሳ ታወርደንና እዚያው ታድራለች፣ ጠዋት ከዚያው ታነሣናለች። ዳገት ስትወጣ እሷ ታጉረመርማለች፣ ቁልቁለት ስትወርድ እኛ እንጸልያለን።

በዚያን ጊዜ የመጋዘኑ ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን ብትመጣ ነው። በሌላው ቀን ወለሉ ሳይታጠብ ቢውል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። እኔ ግን የቆሸሸ ወለል ላይ ቆሜ መዋል አልወድም። ስለዚህ ከቤቴ በታች ካለው ምንጭ በጀሪካን እቀዳና አውቶቡሷ ውስጥ እግሬ ሥር አድርጌ አመጣለሁ። ማታ ባዶውን ይዤ እመለሳለሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አላመሰገነኝም፤ ምስጋናም አልጠበቅሁም። ጀሪካኑን ግን ሰው ሁሉ ያየው ነበር። አንዳንዱም እግሩን መትቶት ይረግመኛል።

አንድ ክረምት ሾፌሩ የአውቶቡሷ ውሃ ይጎድልብኛል ማለት ጀመረ። ቀጭን፣ ፈሪ፣ ቤተሰቡን የሚወድ ሰው ነበር። ማታ አፉ ድረስ ሞልቶ የሚያሳድረው ራዲያተር ጠዋት ሁለት ጣሳ ጎድሎ ያገኘዋል። መጀመሪያ እየሞላ ዝም አለ። አንድ ቀን ሳይሞላ ቸኩሎ ወጣና የመካኒሳ ዳገት ላይ አሮጊቷ ፈላች። እንፋሎቱ ኮፈኑን አልፎ ወጣ። ሁላችንም ወርደን በእግራችን ሄድን፤ ኃላፊውም አርፍዳችኋል ብሎ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የውይይት ክበብ ነበር። ጋዜጣ ይነበባል፣ ከዚያ ሂስና ግለ ሂስ ይባላል። በዚያ ሐሙስ ጋዜጣውን ማንም አላነበበውም።

«ጓድ ሾፌር፣ ውሃው የት ይሄዳል?» አለ ኃላፊው።

«እኔ እንጃ ጓድ። ማታ እሞላለሁ፣ ጠዋት ይጎድላል።»

«መሬት ላይ ይንጠባጠባል?»

«ጠብ የሚል የለም።»

«እንግዲህ ክንፍ አውጥቶ አልበረረም።»

ከኋላ አንድ ድምፅ፣ «ቧንቧ በሌለበት ቀን ወለል የምታጥበው ማናት?» አለ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰው ሁሉ ግን ዞሮ አየኝ።

«ውሃዬን የማመጣው ከምንጭ ነው፣» አልኩ። «ይኸው ሾፌሩ ቁጭ ብሏል። በየቀኑ ጀሪካኔን ጭኖ ያመጣልኛል። ይናገር።»

ሾፌሩ ጫማውን አየ። «ጀሪካን ይዛ ትገባለች፣ ጀሪካን ይዛ ትወጣለች፣» አለ። «ውስጡን አይቼ አላውቅም።»

«በቃ ግለ ሂስ አድርጊና ይለፍ፣» አለኝ ኃላፊው፣ ውለታ እንደሚውልልኝ ሁሉ። «ትንሽ ጥፋት ነው። አጥፍቻለሁ በይና ተቀመጪ።»

«ንስሐ እንኳ ለሠሩት ኃጢአት ነው፣ ጓድ። ያልሠራሁትን ከየት አምጥቼ ልናዘዝ?»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

በሳምንቱ ደብዳቤ ደረሰኝ። በዚያው ዓመት ነበር መሠረተ ትምህርት የጨረስኩት። ወረቀቱን ይዤ መስኮት ሥር ቆምኩና ፊደል በፊደል አነበብኩት። የመንግሥትን ተሽከርካሪ ውሃ ለግል ጥቅም በማዋሌ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል ይላል። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለማኅደሬ። ሦስት ማስጠንቀቂያ የሞላበት ሰው ይባረራል። ስሜ ያለበት ወረቀት በራሴ ዓይን ሳነብ ያ የመጀመሪያዬ ነው። አንብቤ ስጨርስ፣ ምነው ባልተማርኩ አልኩ።

ከዚያ በኋላ አውቶቡስ ውስጥ ስሜ «እመት ጀሪካን» ሆነ። «እመት ጀሪካን፣ ጠጋ በይ እስቲ፤ አሮጊቷ ስታይሽ ይጠማታል፣» ይሉኛል። ጀሪካኔን ግን ማምጣት አልተውኩም። ብተወው ኖሮ አመነች ይሉኝ ነበር።

መካኒኩ ዘንድ ሄድኩ። በጣሊያኖች ጋራዥ ሙያ የተማረ ሽማግሌ ነው፤ ከመጋዘኑ ጀርባ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ይሠራል።

«ጋሼ፣ ውሃ ሳይፈስ፣ ሳይቀዳ፣ ከመኪና ውስጥ ሊጠፋ ይችላል?»

«ሰው ሳይቆስል ውስጡ ይደማ የለ? ይችላል።»

«ታዲያ ክፈታትና እያት።»

«ለመክፈት ትዕዛዝ ያስፈልጋል።»

«ትዕዛዙን ማነው የሚሰጥ?»

«ኃላፊው ነዋ።»

«ኃላፊውማ ሌባዋን አግኝቷል።»

«እንግዲያው ትዕዛዝ የለም፣ እቴ።»

ቢሆንም ክፉ ሰው አልነበረም። ኮፈኑን ከፍቶ ከውጭ የሚታየውን ሁሉ አየልኝ። ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን የጎማ ቱቦዎች እየጨመቀ ስንጥቅ ፈለገ፣ ማሰሪያቸውን አጠበቀ። ውሃ የሚገፋውን ፖምፓ ከሥሩ በጣቱ ዳበሰ። ደረቅ ነው። ራዲያተሩንም ከላይ እስከ ታች በእጁ መዳፍ ሄደበት። እሱም ደረቅ ነው። «ከውጭ ጤነኛ ናት፣» አለኝ።

እኔ ደግሞ ምናልባት ጠብታው ትንሽ ሆኖ መሬቱ እየጠጣው ይሆናል ብዬ ከቤቴ የተነፋ አመድ አመጣሁ። ማታ መካኒሳ ወርደን ስናበቃ ከአውቶቡሷ ሥር እኩል አድርጌ በተንኩት። አመድ ጠብታ አይደብቅም፤ አንዲት ብትወድቅ ትበሳዋለች። ጠዋት ስንመጣ አመዱ ላይ ያለው የድመት ዱካ ብቻ ነው። ራዲያተሩ ሁለት ጣሳ ጎድሏል።

ሾፌሩ ደስ አለው። «ይኸው በራስሽ አመድ!» አለኝ። «ካልፈሰሰ ተቀድቷል ማለት ነው።»

ያመጣሁት ማስረጃ መልሶ እኔኑ መታኝ። ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም። ምን ላድርግ? ሌላ ሥራ ፍለጋ ልሂድ ብል ያ ማኅደር ይከተለኛል። ዝም ልበል ብል ዝምታዬ ማመን ይሆናል።

የእናቴ ነገር ትዝ ያለኝ እንደዚያ ግራ ገብቶኝ ሳለሁ ነው። እናቴ አረቄ አውጪ ነበረች። ድፍድፉ ያለበት ማሰሮ ላይ መክደኛው ከተገጠመ በኋላ ዙሪያውን በሊጥ ትመርገዋለች፣ እንፋሎት እንዳያመልጥ። ሊጡ ከተሰነጠቀ አረቄው በዚያ ሄዷል ማለት ነው። ምርጊቱ ደህና ሆኖ፣ ውጭም አንድ ጠብታ ሳይታይ አረቄው ካነሰ ግን ማንንም አትጠረጥርም። «ማሰሮው ውስጥ ለውስጥ ተሰንጥቋል፣» ትላለች፤ እሳቱን አጥፍታ ማሰሮውን ትመረምራለች።

በማግስቱ ከቤቴ ወፍራም ሊጥ በቅጠል ጠቅልዬ መጣሁ። ማታ መካኒሳ እንደወረድን ሾፌሩንና እንደኛው ከዚያ የሚሳፈረውን መካኒክ ጠራኋቸው። ሾፌሩ ራዲያተሩን በፊታችን ሞልቶ ክዳኑን ዘጋ። እኔ ዙሪያውን መረግሁት።

«አሁን ማታ ማንም ቢከፍተው ሊጡ ይፈርሳል፣» አልኩ። «መልሶ መርጎታል እንዳይባል ምልክት ይደረግበት። ጣትህን አኑርበት።»

«እኔ ጣቴን የትም አላኖርም፣» አለ ሾፌሩ።

«አንተስ ጋሼ?»

«እጄ ዘይት ነው፤ ሊጥሽ ይበላሻል፣» አለ መካኒኩ፣ እጁን ከኋላው እየደበቀ።

የእኔ ጣት ብቻ ቢሆን ራሷ መልሳ አተመችው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። አንገቴ ላይ ያለችውን የማተቤን መስቀል ሊጡ ላይ ተጫንኩባት። ጫፏ ተሰብራ ነበር፤ እንደሷ ያለ ምልክት በአገር የለም። መስቀል በሐሰት እንደማላትም ደግሞ ሰው ያውቃል አልኩ። ያንጊዜ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ጠዋት አብረን አየነው። ሊጡ ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል፤ መስቀሏ ከነስባሪ ጫፏ እንደታተመች ናት። ሾፌሩ ራሱ በመፍቻ ገምሶ ከፈተው። ውሃ ጨመረ። አንድ ጣሳ፤ ሁለተኛውም ገባ። ከዚያ ሞላ።

መካኒኩ ትዕዛዙን ረሳው መሰለኝ፣ እጁን ወደ ሞተሩ ሰደደና የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘው። ጥቁር ዘይት መሆን የነበረበት የተመታ አብሽ መስሎ ወጣ፣ ነጣ ያለ፣ አረፋ ያለው። በጣቶቹ መካከል አሸት አሸት አደረገው። ከዚያ ራዲያተሩ ክፍት እንዳለ ሞተሩን አስነሳ። ውሃው ገና ሳይሞቅ ከሥር አረፋ ይተፋ ጀመር፣ እንደተጣደ ድስት።

«ቴስታታዋ ነው፣» አለ። ቴስታታ የሚለው የሞተሩን ራስ ነው። «በራሷና በአካሏ መካከል ጓርኒሲዮን የሚባል ስስ መጋጠሚያ አለ። እሱ ተበልቷል። ውሃው በዚያ ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይገባል።»

«ማን ነው ታዲያ ውሃውን የወሰደው?»

«ራሷ ናት የጠጣችው።»

የሊጡን ሁለት ግማሽ በመሃረብ ቋጥሬ ሐሙስን ጠበቅሁ። ሦስት ቀን ነው፤ ሦስት ወር ሆነብኝ። ስብሰባው ሲጀመር እጄን አውጥቼ ተነሣሁ፣ መሃረቡን ጠረጴዛው ላይ ፈታሁ።

ኃላፊው ሊጡን በእርሳስ ጫፍ ገልበጥ አድርጎ አየው። «ዛሬ የምንወያየው ስለ ውሃው አይደለም፣» አለ። «ስለ ሊጡ ነው። በመንግሥት ተሽከርካሪ ላይ የሃይማኖት ምልክት ያተመው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ማኅተም ስለሌለኝ ነው።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ስሜን ሲያጠፉትስ ማን ፈቀደ? ጓድ፣ ውሃው አልተሰረቀም። ሞተሩ ውስጥ ነው። መካኒኩን ጠይቁት።»

መካኒኩ ከወንበሩ ግማሽ ያህል ተነሣ። «ሞተሩ ውስጥ ውሃ አለ፣» አለ። «የማውቀው ስለ ሞተር ነው። ስለ ሰው አላውቅም።» ተቀመጠ።

«ሞተሩ ውስጥ ውሃ መኖሩ አልተቀዳም ማለት አይደለም፣» አለ ኃላፊው። «ሁለቱም ሊሆን ይችላል።»

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ እንዲህ መጣ፤ ያለ ፈቃድ በመንግሥት ንብረት ላይ ባዕድ ነገር በመለጠፍ። ይህኛውን ሳነበው ፊደሉ አላስቸገረኝም። አንድ ብቻ ቀረኝ ማለት ነው። አምርሬ ልናገር ስል ልጆቼ ፊቴ ይደቀናሉ፤ ምላሴን እነክሳለሁ። እንደዚያ ዘመን ምላሴን ነክሼ አላውቅም።

አሮጊቷ እንድትከፈት ግን ታዘዘ። መለዋወጫ የለም፤ ከውጭ ካልመጣ አይገኝም ተባለ። ሰባት ሳምንት ቆመች። በዚያ ጭቃ ከመካኒሳ ጎፋ በእግር ስንመላለስ ሰው ሁሉ የሚረግመው እኔን ነበር። «ባትነካኪያት ኖሮ እየጠጣችም ቢሆን ትወስደን ነበር፣» ይሉኛል። እኔም ጀሪካኔን ተሸክሜ ከኋላ እከተላለሁ።

በመጨረሻ መካኒኩ ከመጋዘኑ ቁርጥራጭ ውስጥ ቀጭን የመዳብ ሉህ አስፈቅዶ ወሰደ። የተበላውን ጓርኒሲዮን ላዩ ላይ አስተኝቶ፣ ቀዳዳውን ሁሉ በምስማር ጫፍ አስምሮ፣ በመቀስና በሞረድ ቀን ሙሉ ቀረጸው። ከዚያ ከሰል ላይ አቀላው። ቀልቶ ሲወጣ የሚነከርበት ብዙ ውሃ ያስፈልገው ነበር። ቧንቧው ደርቋል። ቆርቆሮው ጥላ ሥር ሆኖ፣ «እቴ፣ ያቺ ጀሪካንሽ የለችም?» ብሎ ጠራኝ።

ወሰድኩለት። መዳቡ ጢስስ ብሎ ገባ።

«አሁን ጠነከረ?» አልኩት።

«ብረት ቢሆን ይጠነክር ነበር። መዳብ ግን እንዲህ ሲደረግ ይለዝባል። ሲለዝብ ነው ቀዳዳ የሚደፍነው።»

ኃላፊው በዚያ አለፈ። የመንግሥት አውቶቡስ በእኔ ምንጭ ውሃ ስትጠገን አየ። ጀሪካኑን አየ፣ እኔን አየ፣ አለፈ።

ራሷን መልሶ ሲገጥም ብሎኖቹን ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር፣ ጥቂት በጥቂት፣ በዙር አጠበቃቸው። «አንዱን ብቻ ለይተሽ ካጠበቅሽ ሌላው ጋ ይከፈትብሻል፣» አለኝ። አብሽ የመሰለው ዘይት ተደፍቶ ንጹሕ ተጨመረ። አሮጊቷ ተነሣች። በማግስቱ ሾፌሩ ክዳኑን ሲከፍት ውሃው አፉ ላይ ነው። በሳምንቱም አፉ ላይ ነው። በሁለት ወሩም።

አሁንስ ምን ይለኛል ብዬ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ።

«ጓድ፣ ጓርኒሲዮኑ ከተቀየረ ወዲህ አንድ ጣሳ አልጎደለም። እንግዲህ እኔ መስረቅ ያቆምኩት መኪናዋ በተጠገነች ቀን ነው ማለት ነው?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ማስጠንቀቂያው ሠርቷል ማለት ነው፣» አለኝ።

«መካኒኩ የጥገናውን ምክንያት በካርድ ጽፏል። ውስጥ ለውስጥ ያፈስሳል ይላል። እሱ ካርድ ማኅደሬ ውስጥ ይግባልኝ፣» አልኩ።

«ካርዱ ያለው በመኪናዋ ፋይል ነው። ያንቺ የሠራተኛ ፋይል ነው። አይገናኙም።»

ሾፌሩን አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን ያዝኩት። «ለምን?» አልኩት፣ ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

«እኔ የሰው ስም አልጠራሁም፣ እትዬ። ውሃ ጎደለ ነው ያልኩት። ሞተር አቃጠልክ፣ አሻጥር ሠራህ ቢሉኝስ? በዚህ ጊዜ አሻጥር ሠራ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ታውቂያለሽ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኋላው ያለውን ወንበር ለእኔ ያስለቅቅ ነበር። ቁጭ እላለሁ። አመሰግናለሁ ግን ብዬው አላውቅም።

ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ አልመጣም። እኔ ግን ለዓመታት እንደሚመጣ ሆኜ ሠራሁ፤ በር ሲንኳኳ፣ ተላላኪ ሲመጣ መጥረጊያዬን አስቀምጬ ደብዳቤ ለመቀበል እጄን እጠርጋለሁ። ያ ኃላፊ ተዛወረ። ለሁለተኛው አመለከትኩ፣ «እኔ ባልነበርኩበት» አለኝ። መካኒኩ ጡረታ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ዐረፈ። ለቅሶው ላይ ሄጄ ከልቤ አለቀስኩ፤ ለእሱም ለካርዱም። የጻፈው እጅ ከሄደ የቀረኝ ጽሑፉ ብቻ ነው።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ሦስተኛው ኃላፊ መጣ። ወጣት ነው፣ ጨዋ፤ ስገባ ከወንበሩ ይነሣል። ነገሩን ከአመዱ ጀምሮ እስከ ሊጡ ነገርኩት፤ ሳያቋርጠኝ ሰማ። «ሳምንት ይምጡ፣ ሁለቱንም ፋይል አስፈልጋለሁ፣» አለኝ። ሁለቱንም ያለ የመጀመሪያው ሰው ነው። በሳምንቱ ነጠላዬን አጥቤ ለብሼ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ፋይል አንድ ነበር፤ የእኔው። ሁለቱ ደብዳቤዎች ከላይ ተከፍተዋል።

«ይቀመጡ እትዬ፣» አለኝ። «እንዳልሰረቁ አምኛለሁ። የመካኒኩ ካርድ ቢገኝ እነዚህን ዛሬ በእጄ አወጣቸው ነበር። ግን አውቶቡሷ አምና ተወግዳለች፤ ንብረት ሲወገድ ፋይሉም አብሮ ይቃጠላል። የሠራተኛ ፋይል ግን አይቃጠልም።»